ስፓጎ፣ ጠጠር እና ሐዲድ

ባለፈው ክረምት አባቴ ከመሸንቲ ደወለና "ቁራሌው መጥቶ ነበር። ያንን ብረት ልስጠው ወይስ ትፈልገዋለህ?" አለኝ። የትኛውን ብረት እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ግቢያችን ውስጥ፣ ከውኃ በርሜሉ አጠገብ፣ ግማሽ ሜትር የምትሆን የሐዲድ ቁራጭ አለች። የተጣመመ ምስማር የምናቃናው እሷ ላይ ነው። ልጅ ሆኜ ለውዝና ኮክ ፍሬ ሰብሬባታለሁ፤ አንድ ጊዜም አውራ ጣቴን። "አትስጠው፤ እኔ ስመጣ እናያለን" አልኩትና ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩ፤ ባቡር በዞረበት ዞሮ በማያውቅ ከተማ፣ ከባሕር ዳር ወደ መርዓዊ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች መሸንቲ፣ ሐዲድ ምን ይሠራል?

ያመጡት የአባቴ አጎት ናቸው። ቤታችን ውስጥ "አባባ" ነበር የምንላቸው። በወጣትነታቸው ከጎጃም ወጥተው ድሬዳዋ ገቡ፣ ባቡሩ ላይ ተቀጠሩ፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ ተመልሰው መሸንቲ ላይ አረፉ። ሰው "ባቡር ነጂ ነበሩ" ሲላቸው ይቆጣሉ። "እኔ ነጂ አይደለሁም። ነጂው የሚሄደው እኛ ባቃናነው ላይ ነው" ይላሉ። ሥራቸው ሐዲድ ማስተካከል ነበር። እኔ ፖሊ ገብቼ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ አረፉ። ምህንድስና እየተማርኩ፣ ቤቴ ውስጥ የተቀመጡትን የምህንድስና ሰው አንድም ቀን በቅጡ አልጠየቅኩም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በከፊል ለዚያ ጸጸት ነው።

የአገራችን የባቡር ታሪክ ሲነገር አጀማመሩ ሁሌም አንድ ነው። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ፈረንሳዊው ነጋዴ ሊዮን ሸፍኔ አብሮት ነበር። በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሥራው ተጀመረ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከተራራው ሥር ደረሰ፤ ሐረር መውጣቱ እጅግ ውድ ስለነበር ከተማዋ ተዘለለችና በሜዳው ላይ ድሬዳዋ ተወለደች። ኩባንያው ከሰረ፣ በሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተተካ፣ ሥራው ቀጠለ፣ በ1909 ዓ.ም. ሐዲዱ አዲስ አበባ ገባ። የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ በኅዳር 1922 ተመረቀ። 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል አንድ ሜትር ስፋት። ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ተመረቀ፣ ተጨበጨበ።

ነገር ግን ሐዲድ በተመረቀ ማግስት መበላሸት የሚጀምር ነገር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ሐዲድ መሬት ላይ የተቸነከረ ይመስለዋል። አይደለም። ሐዲዱ የተቸነከረው ከሥሩ በሚጋደመው አግዳሚ ላይ ነው፤ አግዳሚው ደግሞ የተቀመጠው በተፈለጠ ጠጠር ላይ ነው። ከጠጠሩ ጋር የሚያስተሳስረው ምንም ነገር የለም፤ ተንሳፎ ነው ያለው ማለት ይቻላል። ጠጠሩ ሦስት ሥራ አለው፦ የባቡሩን ክብደት ለብዙ መሬት ያካፍላል፣ ውኃ ያሳልፋል፣ አግዳሚው ወደ ጎን እንዳይንሸራተት በማዕዘኖቹ ነክሶ ይይዘዋል። ባቡር ባለፈ ቁጥር ጠጠሮቹ ትንሽ ይንቀሳቀሳሉ፣ ትንሽ ይፈጫሉ፣ ትንሽ ይሰምጣሉ። አንዱ አግዳሚ ከጎረቤቱ በላይ ከሰመጠ ቀጣዩ ባቡር እዚያ ላይ ይዘላል፤ ስለዘለለ የበለጠ ያሰምጠዋል። ጉድጓድ ራሱን ያሳድጋል። የአስፋልት ጉድጓድ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

ቆላ ላይ ደግሞ ሙቀቱ አለ። አንድ ኪሎ ሜትር ሐዲድ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢጨምር፣ የሚይዘው ካልነበረ ወደ 35 ሴንቲሜትር ይረዝማል። በድሮው አሠራር በየሐዲዱ መጋጠሚያ ክፍተት የሚተወው ለዚህ ነው፤ "ቀጭ ቀጭ" የሚለው የባቡር ድምፅም ከዚያው ይመጣል። ክፍተቱ ከተደፈነና ጠጠሩ ከላላ ሐዲዱ በቀትር እንደ እባብ ይጣመማል።

ይህን ሁሉ የሚያቃናው የሰው እጅ ነበር። መስመሩ በክፍል በክፍል ይከፈላል፣ ለየክፍሉ አንድ ጓድ ይመደባል፣ ጓዱ ዓመቱን ሙሉ ያንኑ ክፍል እየተመላለሰ ይጠግናል። ሲጨርስ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ምክንያቱም እሱ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ሰምጧል። አባባ ከነገሩኝ ጥቂት ነገሮች ውስጥ አንዱ አሠራሩ ነው። አለቃው ራቅ ብሎ በሆዱ ይተኛል። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጉንጩን ብረቱ ላይ አስጠግቶ፣ ሐዲዱን እንደ ጠመንጃ ያነጣጥራል። በእጁ ምልክት ይሰጣል፤ "እዚያ ጋ፣ ከፍ!" ሰዎቹ በማንሻ ያነሡታል። ከዚያ አራት ሰው፣ ሁለት በዚህ ሁለት በዚያ፣ ጫፉ በደነዘ ዶማ ጠጠሩን ከአግዳሚው ሥር ይጠቀጥቃል። በአንድ ምት ነው፤ ምቱ ከተዛባ አንደኛው ወገን የጠቀጠቀውን ሌላኛው ይገፋዋል። ስለዚህ ይዘፍናሉ። "ዘፈኑ ለደስታ መሰለህ? ለልክ ነው እንጂ!" ብለውኛል።

አሮጌው መስመር ላይ የነበሩት የብረት አግዳሚዎች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። የብረት አግዳሚ ቅርፁ የተገለበጠ ገንዳ ነው፤ ውስጡ በጠጠር ካልሞላ አየር ላይ ነው ያለው። ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል። አባባ በመዶሻ መታ አድርገው ያዳምጡት ነበር። ባዶ ከሆነ ይጮኻል፣ ሙሉ ከሆነ ዝም ይላል። አባቴ ግንበኛ ነው፤ ሴራሚክ ሲያነጥፍ በመዶሻው እጀታ እያንኳኳ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ከማን እንደተማረው ጠይቄው አላውቅም ነበር። አሁን ስጠይቀው ሳቀ፤ "ከማን ይሆናል?" አለኝ።

በሌላው ዓለም ይህን ሥራ ማሽን መረከብ የጀመረው በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ስዊዘርላንድ ውስጥ ማቲሳ የተባለው ኩባንያ ተመሠረተ፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ ፕላሰር እና ቶይረር የተባሉ ሁለት ሰዎች ኦስትሪያ ውስጥ በስማቸው ሌላ ኩባንያ አቋቋሙና በሃይድሮሊክ የሚሠራ ጠቅጣቂ ማሽን ለገበያ አቀረቡ። ማሽኑ በሐዲዱ ላይ ራሱ ይሄዳል። ሐዲዱን ከነአግዳሚው ቆንጥጦ ያነሣል፣ ወደ ቀኝ ወይ ወደ ግራ ይገፋል፣ ከዚያ በአግዳሚው ግራና ቀኝ የብረት ጣቶቹን ጠጠር ውስጥ ይሰዳል። ጣቶቹ በሰከንድ 35 ጊዜ ያህል እየተንቀጠቀጡ ጠጠሩን እንደ ፈሳሽ ያላሉታል፣ ከዚያ ከሁለቱ ወገን ጨምቀው ከአግዳሚው ሥር ያስገቡታል። አራት ሰው በዘፈን የሚሠራውን በጥቂት ሰከንድ ጨርሶ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

እኔን ግን የገረመኝ ጣቶቹ አይደሉም። ማሽኑ "ቀጥ ያለ" የሚለው ምን እንደሆነ እንዴት ያውቃል? እሱ ራሱ የቆመው በተጣመመው ሐዲድ ላይ ነው።

መልሱን ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ። ማሽኑ ስፓጎ አለው። በቀደሙት ማሽኖች ላይ የምር የተወጠረ ሽቦ ነው። አንዱ ጫፍ ከፊት ነው፤ ገና ባልተቃናው ሐዲድ ላይ። ሌላው ጫፍ ከኋላ ነው፤ አሁን በተቃናው ላይ። መሐል ላይ ማንሻው አለ። ማሽኑ መሐሉን ከስፓጎው ጋር እስኪገጥም ያነሣዋል። የኋላው ጫፍ የተስተካከለ ስለሆነ የፊቱ ስሕተት ተቀንሶ ነው የሚያልፈው። የፊቱ ጫፍ 9 ሚሊሜትር የሰመጠ ቦታ ላይ ቢቆምና ማንሻው ከኋላ ጫፍ የስፓጎውን አንድ ሦስተኛ ርቆ ቢገኝ፣ መሐል ላይ የሚደርሰው ስሕተት 3 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል። ጠፋ ማለት አይደለም፤ አነሰ እንጂ። ረጅሙ ጥመት ግን ጨርሶ አይታየውም። መቶ ሜትር ላይ ቀስ ብሎ የሚወርድ ሐዲድ ላይ ስፓጎው ራሱ አብሮ ስለሚወርድ ማሽኑ "ሁሉ ሰላም ነው" ብሎ ያልፋል። ለዚህ ነው ቀያሾች ቀድመው ከመስመሩ ውጭ ካለ ቋሚ ምልክት ተነሥተው ለክተው፣ "እዚህ 12፣ እዚያ 7 ሚሊሜትር አንሣ" ብለው ለማሽኑ የሚነግሩት። ዛሬ በሌዘርና በኮምፒውተር ይሠራል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው። አባቴ ይህን ሳስረዳው ብዙ አልተደነቀም። "ስፓጎ የሚታመነው ችካሉ ከታመነ ነው" አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። ከሁለት ዓመት በፊት በነበርኩበት ቦታ የአንድ መጋዘን ዕቃ የሚቆጥር ሲስተም ጽፌ ነበር። በየሌሊቱ የዛሬውን ቁጥር ከትናንቱ ጋር ያመሳክራል፤ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ያሳልፋል። ልዩነቱ ሁልጊዜ ትንሽ ነበር። በስምንተኛው ወር ሰው ገብቶ በእጁ ሲቆጥር መጋዘኑና ሲስተሙ አይተዋወቁም። ስሕተቱ የማንም ሳይሆን የእኔው ነው፤ ከመስመሩ ውጭ ችካል አልተከልኩም። ስለ ሐዲድ ማንበብ የጀመርኩት ያን ሰሞን ነው፤ አባባ ብሰማቸው ኖሮ በነፃ ይነግሩኝ ነበር።

ሁለተኛው ነገር፣ ሐዲድ ትዝታ አለው። ዘይቤ አይደለም፤ የባቡር መሐንዲሶች ይህንኑ ቃል ይጠቀማሉ። ማሽኑ አንድ የሰመጠ ቦታ አቃንቶ ከሄደ በኋላ ባቡሮች ሲመላለሱበት፣ ቦታው ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞ ጥመቱ ይመለሳል። ምክንያቱም ማሽኑ የነካው ላዩን ነው፤ ሥር ያለው የተፈጨ ጠጠርና የረጠበ አፈር እንዳለ ነው። በዚያ ላይ የማሽኑ ጣቶች በገቡ ቁጥር ጠጠር ይሰብራሉ። ማዕዘኑ የተሸረፈ ጠጠር አይናከስም፤ ዱቄቱ ደግሞ የውኃውን መንገድ ይደፍናል። ልክ እንደተጠቀጠቀ ደግሞ ጠጠሩ የላላ ስለሆነ ሐዲዱን ወደ ጎን የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ሌላ ማሽን መጥቶ እስኪያረጋጋው ወይ ባቡሮች በዝግታ አልፈው እስኪያስተኙት ድረስ ፍጥነት መገደብ አለበት። ስለዚህ ማቃናት ራሱ ዋጋ አለው። ባለሙያው መች እንደሚነካ ብቻ ሳይሆን መች እንደማይነካም ማወቅ አለበት።

አሮጌው መስመራችን የተሸነፈው በአንድ ቀን አይደለም። በ1952 ዓ.ም. ኩባንያው ግማሽ በግማሽ የኢትዮጵያና የፈረንሳይ ሆነ። በሶማሊያ ወረራ ጊዜ፣ በ1969 እና 1970 ዓ.ም.፣ ድልድዮች ፈረሱ፣ መስመሩ ተቆረጠ። በኋላ ንብረትነቱ የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥታት ሆነ። በጥር 1977 አዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኞች ባቡር ኩርባ ላይ ከሐዲድ ወጥቶ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ምክንያቱ ፍጥነት ነው ተባለ። ኩርባ ላይ የውጪው ሐዲድ ከውስጠኛው ከፍ የሚደረገው ለተወሰነ ፍጥነት ነው፤ ከዚያ በላይ የመጣን ባቡር ሐዲዱ ሊይዘው አይችልም። አባባ ያን ጊዜ ሌላ ክፍል ላይ ነበሩ። ስለዚያ ቀን ሲጠየቁ ተነሥተው ይወጡ ነበር፤ የእሳቸው ኩርባ ባይሆንም።

ከዚያ በኋላ መለዋወጫው አነሰ፣ ሠራተኛው አረጀ፣ መኪናው መንገዱን ወሰደ። በእኛ 1990ዎቹ መጨረሻ የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ሰጥቶ አንድ የጣሊያን ድርጅት ጥገና ቢጀምርም ሕይወቱን አላተረፈውም። አዲስ አበባ ላይ ባቡሩ መጮህ አቆመ። የሐዲዱና የአግዳሚው ብረት በየቦታው አጥር፣ የበር መቃን፣ የጎጆ ምሰሶ ሆነ። እኛ ግቢ ያለችው ቁራጭ እንዴት እንደመጣች አባባ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "ተጥላ አገኘኋት።"

ከዚያ አዲሱ መጣ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ሥራ ጀመረ። በኤሌክትሪክ የሚሄደው የአዲስ አበባ-ጅቡቲ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ተመረቀ፣ መደበኛ አገልግሎቱን ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ጀመረ። የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊሜትር፣ የመንገደኛ ባቡሩ ፍጥነት በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር፣ የሠሩት ሁለት የቻይና ኩባንያዎች። ለዓመታት ሲያስተዳድሩትም የቆዩት ቻይናውያን ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ሥራው ለኢትዮጵያውያንና ለጅቡቲያውያን ተላለፈ። ያ ርክክብ ከምረቃው ያነሰ ነው የተጨበጨበለት። ለእኔ ግን ትልቁ ቀን እሱ ነው። ከእንግዲህ ያንን ሐዲድ በሆዱ ተኝቶ የሚያነጣጥረው የእኛ ሰው ነው ማለት ነውና።

ባለፈው ዓመት በዚህ ባቡር ድሬዳዋ ሄጄ ነበር። አንድ ጣቢያ ላይ፣ በጎን መስመር፣ ቢጫ ረጅም ማሽን ቆሞ አየሁ፤ ሆዱ ሥር የብረት ጣቶቹ ተንጠልጥለዋል። ከጎኑ ሁለት ወጣቶች አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው ፍርግርግ ጥላ ውስጥ ቁጭ ብለው ሻይ ይጠጣሉ። በእኔ ዕድሜ ናቸው። ባቡሩ ብዙ አልቆመምና ላናግራቸው አልቻልኩም። ፎቶ አነሣሁና ለአባቴ ላክሁለት። "አራት ሰው በዚህ ተተካ?" ብሎ ጻፈልኝ። አልተተኩም፤ ማሽኑን የሚያነብ፣ ቢላዋውን የሚቀይር፣ ቀድሞ የሚለካ፣ "ዛሬ አይነካ" የሚል ሰው ያስፈልጋል። ለዚያም ነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የባቡር ምህንድስና ማዕከል መቋቋሙ ከአንድ ጣቢያ ግንባታ አይተናነስም የምለው።

ወደ እኛ አገር ስመለስ፤ በብሔራዊ የባቡር ዕቅዱ ላይ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳርና በወረታ አድርጎ ወደ ወልዲያ፣ ከዚያም ወደ ሰመራ የሚወርድ መስመር ተሥሏል። ካርታውን ያየሁት ተማሪ ሳለሁ ነው። ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር የሚገባ ሐዲድ በእኛ አቅጣጫ ማለፉ አይቀርም ብዬ በጣቴ መሸንቲን ፈልጌባታለሁ። እስካሁን መስመሩ ወረቀት ላይ ነው። ሲመጣ እንኳን የሚመጣበት መሬት ቀላል አይደለም። በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር መሬት ነው፤ የአባቴን አጥር ሦስት ጊዜ ያዘመመ። እዚህ ላይ የሚነጠፍ ሐዲድ ትዝታው ብዙ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ካርታውን አሁን ሳየው "መቼ ይሠራል?" ከሚለው ይልቅ "ማን ይጠብቀዋል?" የሚለው ይቀድመኛል። ይህ ጥያቄ ለባቡር ብቻ አይደለም። ኮብልስቶኑም፣ የቧንቧ ውኃውም፣ እኔ የምጽፈው ኮድም የሚሞተው ከተመረቀ በኋላ ነው።

ለመስቀል መሸንቲ ሄድኩ። ብረቷን ከእህል ነጋዴ በተዋስነው ሚዛን መዘንናት፤ 12 ኪሎ ከምናምን። ግማሽ ሜትር ስለሆነች ሜትሩ 25 ኪሎ ገደማ ይወጣል። ዛሬ ለከባድ መስመር የሚነጠፈው በሜትር 60 ኪሎ ይደርሳል። ይህችን በመሰለ ቀጭን ብረት ላይ ነው አገሪቱ ጨውዋን፣ ቡናዋን፣ ንጉሦቿን ስታጓጉዝ የኖረችው፤ ያለ እነዚያ አራት አራት ሰዎች አንድ ክረምት አትሻገርም ነበር።

አባቴ መዶሻውን አንሥቶ መታት። ጮኸች።

"ባዶ ናት" አልኩት ለቀልድ።

"መሬቱ ነው ባዶው" አለና አንድ እፍኝ ጠጠር አምጥቶ ከሥሯ ጠቀጠቀ። እንደገና መታት። ዝም አለች። ቁራሌው ሲመጣ ምን እንደሚለው አልተነጋገርንም፤ የተጣመሙትን ምስማሮች አምጥተን ማቃናት ጀመርን።